በስለቱ ላይ የተጻፈውን መመርመር፦ ውድ ታጣፊ ቢላን ከሐሰተኛ ቅጂው የመለያ መመሪያ

ከጥቂት ዓመታት በፊት የስፓይደርኮ ምርት የሆነውን ፓራሚሊተሪ 2 የተባለ ታጣፊ ቢላ ከአንድ ከማላውቀው ሰው በ130 ዶላር ገዛሁ። አዲሱ ከዚህ ይበልጥ ስለነበር ዕድል የቀናኝ መስሎኝ ነበር። በስለቱ ላይ አምራቹ እንደ ልማዱ የሚጽፈው «ጎልደን፣ ኮሎራዶ፣ ዩኤስኤ፣ ምድር» የሚለው ቃል ተቀርጿል፤ ከጎኑም የብረቱ ዓይነት «ኤስ30ቪ» ተብሎ ተጽፏል፤ ሳጥኑም ወረቀቱም የተሟላ ነበር። የምኖረው አውሮራ ነውና ጎልደን በመኪና አንድ ሰዓት አይሞላም፤ በጎረቤት ከተማ የተሠራ ዕቃ በኪሴ በመያዜ ትንሽ ኩራትም ተሰምቶኝ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ስለቱ ካርቶን መቁረጥ አቅቶት ዶለዶመ። ቢላ የሚስል አንድ ወዳጄ ድንጋይ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ካመላለሰው በኋላ ወደ ብርሃን አንሥቶ አየውና «ይህ ብረት የተጻፈበትን አይደለም» አለኝ። ሻጩ በዚያን ጊዜ መልስ መስጠት አቁሞ ነበር።

ይህ ጽሑፍ ከዚያ በኋላ የተማርኩትን የያዘ ነው። ውድ ታጣፊ ቢላን ወይም በተለምዶ አጠራራችን ሰንጢን ለመግዛት ለሚያስብ፣ በስጦታ ለተቀበለ፣ ወይም ለመሸጥ ለሚፈልግ ሰው የሚጠቅም ነው። አስመስሎ መሥራት ሁሉ አንድ ዓይነት በደል ነው ወይ የሚለውንም ጥያቄ አላልፈውም፤ ምክንያቱም ምን እንደሚፈልጉ ሳያውቁ ቢላውን ቢያገላብጡት ምንም አያገኙም።

የሚመረመረው ምንድን ነው?

ብዙ ሰው የሚጀምረው «የቻይና ነው ወይስ ኦሪጅናል?» ከሚለው ጥያቄ ነው። ጥያቄው ገና ከመነሻው የተሳሳተ ነው። ስፓይደርኮ ራሱ ከጎልደን ሌላ በጃፓን ሴኪ፣ በታይዋን ታይቹንግ፣ በጣሊያን ማኒያጎ እና በቻይና ያሠራል፤ ቴናሸስ የተባለው ርካሽ ሞዴሉ በቻይና የሚሠራና ይህንኑ በግልጽ የሚናገር እውነተኛ የስፓይደርኮ ቢላ ነው። በሌላ በኩል እንደ ዊ፣ ሪያት እና ካይዘር ያሉ የቻይና ኩባንያዎች በራሳቸው ስም የሚያወጧቸው ቢላዎች በሥራቸው ጥራት ከአሜሪካኖቹ ጋር በእኩል የሚነጻጸሩ ናቸው። በጓንግዶንግ ክፍለ ሀገር የምትገኘው ያንግጂያንግ የቢላ ሥራ ከተማ ናት፤ ከዚያ የወጣ ሁሉ ሐሰተኛ ነው ማለት ለሠራተኞቹ ፍርደ ገምድልነት ነው፤ ለገዢውም የማይረዳ መለኪያ ነው።

«ጥሩ ይቆርጣል ወይ?» የሚለው ሁለተኛው ጥያቄም ቢሆን በቂ አይደለም። በደንብ የሚቆርጥ ሐሰተኛ ቢላ አለ፤ በደንብ የማይቆርጥ እውነተኛም አለ። ትክክለኛው ጥያቄ ይህ ነው፦ ዕቃው ስለ ራሱ የሚናገረው ነገር እውነት ነው ወይ? ታጣፊ ቢላ ብዙ ይናገራል። ማን እንደሠራው፣ የት እንደተሠራ፣ ከምን ብረት እንደተሠራ በላዩ ላይ ተጽፏል። የእርስዎ ሥራ እያንዳንዱን ቃል እንደ ምስክርነት ቃል ወስዶ መመርመር ነው።

ከዚህ አንጻር ሲታይ የተለያዩ ነገሮች በአንድ «ፎርጅድ» በሚል ቃል መጠራታቸው ግልጽ ይሆናል። የሌላውን ቅርጽም ስምም ምልክትም ወስዶ የሚመጣው ሐሰተኛ ቢላ አንዱ ነው፤ ቅርጹን ሙሉ በሙሉ ገልብጦ ስሙን ግን የማይጽፈው ቅጂ ሌላ ነው፤ ከሌላው አንድ ሐሳብ ብቻ ወስዶ በራሱ ስም የሚሠራው ደግሞ ከሁለቱም የተለየ ነው። የሥነ ምግባሩን ክርክር ወደ ኋላ ላይ እመለስበታለሁ።

ከመግዛትዎ በፊት

በብዛት የሚገለበጠው ታዋቂና ውድ የሆነው ነው። በአይዳሆ ግዛት ቦይሲ ከተማ የሚሠራው የክሪስ ሪቭ ሰቤንዛ ዋነኛው ምሳሌ ነው። ሪቭ ደቡብ አፍሪካዊ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1989 ወደ አሜሪካ መጣ፤ ሰቤንዛ የሚለው ስምም በዙሉ ቋንቋ «ሥራ» ማለት ነው። ትልቁ ሰቤንዛ አዲስ ሲሆን ከ400 ዶላር በላይ ያወጣል። ስለዚህ «አዲስ፣ ያልተነካ» የተባለ ሰቤንዛ በ60 ወይም በ80 ዶላር ቢቀርብልዎ መመርመር እንኳ አያስፈልግዎትም፤ ዋጋው ራሱ መልስ ሰጥቶዎታል። አሳሳቢው ዋጋ በመካከል ያለው ነው። አታላይ ሻጭ ሐሰተኛውን ቢላ ከእውነተኛው ዋጋ በሠላሳ ወይም በአርባ በመቶ ቀንሶ ያቀርበዋል፤ ገዢው «ያገለገለ ስለሆነ ነው» ብሎ ራሱን እንዲያሳምን ነው። እኔ የተያዝኩት በዚህ ነው።

ከመክፈልዎ በፊት ሻጩን ራሱ ያነሣቸውን ፎቶዎች ይጠይቁት፤ ከአምራቹ የተወሰዱ ማስታወቂያዎች አይበቁም። ቢላው ተከፍቶ በሁለቱም ጎን፣ ተዘግቶ ከላይ (ስለቱ በእጀታው መካከል መቀመጡ እንዲታይ)፣ መቆለፊያው ከስለቱ ጋር የሚገናኝበት ቦታ በቅርበት፣ የብሎኖቹ ራስ፣ የተቀረጸው ጽሑፍ። ዛሬ ቀን የተጻፈበት ቁራጭ ወረቀት አጠገቡ እንዲያስቀምጥ መጠየቅም ነውር የለውም። ከሰቤንዛ ጋር ቢላው የተጠናቀቀበት ቀን የሰፈረበት የልደት ካርድ ይመጣል፤ ሻጩ ካርዱን ከፎቶው ጋር እንዲያሳይዎ ይጠይቁ፤ ነገር ግን ካርድም ሳጥንም የታተመ ወረቀት ነው፤ ብረት መገልበጥ የቻለ ሰው ካርቶን መገልበጥ አያቅተውም። ሳጥኑ ስለተሟላ ብቻ የሚታመን ገዢ ማለት የዚያን ጊዜው እኔ ነኝ።

እጅዎ ከገባ በኋላ

ከመጀመርዎ በፊት አንድ ነገር ያዘጋጁ፦ የዚያኑ ሞዴል፣ የዚያኑ የብረት ዓይነት፣ ቢቻል የዚያኑ የምርት ዘመን እውነተኛ ቢላ ፎቶ። አምራቾች በየጊዜው ብረት ይቀይራሉ፣ ፊደል ያስተካክላሉ፣ ብሎን ይለውጣሉ፤ ስለዚህ «ሰቤንዛ 31» የተባለውን ሞዴል ከቀዳሚው ከ«ሰቤንዛ 21» ፎቶ ጋር ቢያነጻጽሩ እውነተኛውን ሐሰተኛ ሊሉት ይችላሉ። ብዙ ንጹሕ ሻጭ በዚህ ምክንያት ስሙ ጠፍቷል።

በጽሑፉ ይጀምሩ። በማጉያ መነጽር ወይም በስልክ ካሜራ አጉልተው ይመልከቱት። የፊደሎቹ ውፍረት፣ በመካከላቸው ያለው ክፍተት፣ ከስለቱ ጀርባ ያላቸው ርቀት ከፎቶው ጋር ይስማማል? ሐሰተኛው ብዙውን ጊዜ የሚሳሳተው በቃሉ ሳይሆን በአቀማመጡ ነው፤ ጽሑፉ ትንሽ ከፍ ይላል፣ ትንሽ ይወፍራል፣ ጥልቀቱም ከቦታ ቦታ ይለያያል። የኔው ቢላ «ምድር» የሚለው ቃል ከላይኛው መስመር ጋር ከተገቢው በላይ ተጠጋግቶ ነበር፤ ይህን ያየሁት ግን ከወዳጄ ቃል በኋላ ነው።

ቀጥለው ቢላውን ቀስ ብለው ይክፈቱና ይዝጉ። ተዘግቶ ሳለ ስለቱ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል? የስለቱ ሁለት ገጾች እኩል ተሞርደዋል? እነዚህ ጥርጣሬን ያጠነክራሉ እንጂ ብቻቸውን አይፈርዱም፤ በእውነተኛውም ላይ አልፎ አልፎ ይታያሉና። የሚከተለው ግን የበለጠ ክብደት አለው። በትልቁ ሰቤንዛ ላይ ስለቱ የሚዞርበት ብሎን በውስጡ በልክ የተቆረጠ ቀለበት ስላለው እስከ መጨረሻው ቢጠብቅም ስለቱ በነጻነት ይንቀሳቀሳል፤ የማጥበቁ ልክ በእጅ ስሜት ላይ የተመሠረተ አይደለም። ይህ ከአንድ ሚሊሜትር መቶኛ ጋር የሚሟገት የቶርኖ ሥራ ነው። በብዙ ቅጂዎች ላይ ብሎኑን እስከ መጨረሻው ሲያጠብቁት ስለቱ ይታነቃል፣ ሲያላሉት ደግሞ ወደ ጎን ይወዛወዛል። በሰቤንዛ 31 ላይ ደግሞ መቆለፊያው ከስለቱ ጋር የሚገናኘው በትንሽ የሴራሚክ ኳስ በኩል ነው፤ በዚያ ቦታ ኳስ ከሌለ ወይም ኳሱ የሚያብረቀርቅ ብረት ከሆነ ምክንያቱን ይጠይቁ።

ካቻቢቴ ይዘው ከመፍታትዎ በፊት አምራቹ ቢላው መፈታቱን ከዋስትና ውጭ ያደርገው እንደሆነ ያረጋግጡ። መፍታት ከተቻለ ውስጡ ከውጩ ይልቅ ብዙ ይናገራል። ገልባጭ በብዛት የሚቆጥበው በማይታየው ላይ ነው፦ የውስጠኛው ገጽ ሻካራ ሆኖ ይቀራል፣ ከነሐስ መሆን የሚገባው ሮንዴላ ከፕላስቲክ ይሆናል፣ ወይም አምራቹ ሮንዴላ በሚጠቀምበት ቦታ ርካሽ ኩሽኔታ ተተክቶ ይገኛል። ኩሽኔታው ቢላውን እንደ ውኃ ስለሚያፈስሰው ያላወቀ ገዢ «ከእውነተኛው ይሻላል» ይላል።

መቆለፊያውን በሚፈትኑበት ጊዜ ጣትዎ ስለቱ በሚታጠፍበት መንገድ ላይ ፈጽሞ አይኑር። ቢላውን ከፍተው እጀታውን ከጎኑና ከጎኑ ይያዙ፤ የስለቱን ጀርባ በእንጨት ጠረጴዛ ላይ አስደግፈው በመጠኑ ይጫኑ። በኃይል መምታት አያስፈልግም፤ እንዲህ ያለው ምት እውነተኛውንም ያበላሻል። በመጠነኛ ግፊት የሚለቅ መቆለፊያ ያለው ቢላ እውነተኛም ይሁን ሐሰተኛ ለሥራ አይሆንም። እዚህ ላይ የስም ጉዳይ ወደ ጎን ይቀመጣል፤ ጉዳዩ የጣት ጉዳይ ነው።

የብረቱ ምርመራ

ከሁሉም በላይ በቀላሉ የሚዋሸው በብረቱ ነው፤ ምክንያቱም ብረት በዓይን አይታወቅም። ኤስ30ቪ የተባለው አረብ ብረት በዱቄት መልክ ተዘጋጅቶ የሚሠራ ሲሆን 1.45 በመቶ ያህል ካርቦን፣ 14 በመቶ ክሮሚየም፣ 4 በመቶ ቫናዲየም እና 2 በመቶ ሞሊብዲነም አለው። ሪቭ ይህ ብረት ሲዘጋጅ ከአምራቹ ጋር ሐሳብ ያካፈለ ሰው ነው። በሐሰተኞቹ ላይ በብዛት የሚገኘው 8ሲአር13 የተባለው ዓይነት የቻይና ብረት ነው፤ 0.8 በመቶ ያህል ካርቦንና 13 በመቶ ያህል ክሮሚየም ሲኖረው ቫናዲየሙ ግን ከአንድ በመቶ በታች የሆነ ጥቂት ነው። በራሱ መጥፎ ብረት አይደለም። ስሙን በግልጽ ጽፈው በ30 ዶላር የሚሸጡ ሐቀኛ ቢላዎች ይጠቀሙበታል። በደሉ የሌላ ብረት ስም መሸከሙ ነው።

ልዩነቱ በሚሳልበት ጊዜ ይታወቃል። የቫናዲየም ቅንጣቶች ከተራው የመሳያ ድንጋይ ስለሚጠነክሩ ኤስ30ቪ በድንጋይ ላይ እምቢተኛ ነው፤ ዝግ ብሎ ይሳላል፣ ጊዜ ይወስዳል። ቫናዲየም እምብዛም የሌለው ለስላሳ ብረት ግን በጥቂት ምልልስ በጠርዙ ላይ ቀጭን የብረት ክር ያወጣል። የወዳጄ እጅ የነገረችው ይህንን ነው። እርግጠኛ ለመሆን ከፈለጉ አሮጌ ብረት የሚገዙ ትልልቅ ነጋዴዎችና አንዳንድ የወርቅ ቤቶች በኤክስሬይ የብረትን ይዘት የሚለይ በእጅ የሚያዝ መሣሪያ አላቸው፤ በትሕትና ከጠየቋቸው በአንድ ደቂቃ ያነቡልዎታል። መሣሪያው ካርቦንን ማንበብ አይችልም፤ ቫናዲየምን ግን ይነግርዎታል፤ በእኛ ጉዳይ የሚያስፈልገውም እርሱ ነው። አራት በመቶ መሆን ሲገባው ወደ ዜሮ የተጠጋ ቁጥር ካሳየ ክርክሩ አለቀ።

ለእጀታው ደግሞ ቤት ውስጥ የሚሠራ ፈተና አለ። ቲታኒየም ነው የተባለ እጀታ ማግኔት አይስበውም፤ ነገር ግን አንዳንድ የማይዝግ ብረትም በማግኔት ስለማይሳብ ይህ ብቻውን አያረጋግጥም። ቢላው ከተፈታ የእጀታውን አንድ ክፋይ ብቻውን በግራም ሚዛን ይመዝኑት። ከዚያም ውኃ የያዘ ብርጭቆ በሚዛኑ ላይ አስቀምጠው ሚዛኑን ወደ ዜሮ ይመልሱ፤ ክፋዩን በክር አንጠልጥለው ብርጭቆውን ሳይነካ ሙሉ በሙሉ ውኃው ውስጥ ያስገቡት። ሚዛኑ የሚያሳየው ቁጥር የክፋዩ ይዘት በኪዩቢክ ሴንቲሜትር ነው። የመጀመሪያውን ክብደት በዚህ ቁጥር ሲያካፍሉ ቲታኒየም ከሆነ ወደ 4.4፣ ብረት ከሆነ ወደ 7.8 ይመጣል። 40 ግራም የሚመዝነው ክፋይ በውኃው ውስጥ 9 ግራም ካሳየ ቲታኒየም ነው፤ 5 ግራም ካሳየ የብረት እጀታ ገዝተዋል። ብሎኖቹና የኪስ ማንጠልጠያው መነሣታቸውን አይርሱ፤ ስሌቱን ያበላሻሉ።

ከዚህ ሁሉ በኋላም የሚያጠራጥር ቢላ ይኖራል። ገልባጮቹ የሚጠቀሙበት በኮምፒውተር የሚመራ ፍሬዛ ከእውነተኞቹ አምራቾች ማሽን ጋር አንድ ዓይነት ሊሆን ይችላል፤ አንዳንዱ ቅጂ ቲታኒየሙ በእርግጥ ቲታኒየም ነው። ስለዚህ በአንድ ምልክት ብቻ አይፍረዱ፤ ከተለያየ ቦታ የመጡ ሦስት ምልክቶች ሲገጣጠሙ ይፍረዱ፤ ካልሆነም ፎቶዎቹን ለአምራቹ ይላኩና የእርሱ ምርት መሆን አለመሆኑን ይጠይቁ።

መኮረጅ ሐሰት የሚሆነው የት ላይ ነው?

እነሆ አሁን ወደ አስቸጋሪው ክፍል ደርሰናል። ቅጂ የሚገዙ ሰዎች ሁሉ «እነሱስ ከማን ኮረጁ?» ይላሉ፤ ጥያቄው ደግሞ ባዶ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ማይክል ዎከር የተባለ አሜሪካዊ ባለሙያ በእጀታው ውስጥ ያለ ቀጭን ብረት ተፈናጥሮ ስለቱን የሚደግፍበትን መቆለፊያ ለዛሬው መልኩ አበቃው። ክሪስ ሪቭ ያንን ሐሳብ ወስዶ ቀጭኑን ብረት አስወገደና መቆለፊያውን ከወፍራሙ የቲታኒየም እጀታ ራሱ ቆርጦ አወጣው። ሰቤንዛ የተወለደው እንዲህ ነው። ዛሬ የሪቭን መቆለፊያ የማይጠቀም ትልቅ የታጣፊ ቢላ አምራች ማግኘት ይቸግራል። ሐሳብ መውሰድ ኃጢአት ቢሆን ኖሮ የሚገለበጠው ሰቤንዛ ራሱ ባልኖረ ነበር።

ነገር ግን ዎከርና ሪቭ ያደረጉትን በጥንቃቄ ይመልከቱ። ሪቭ በቢላው ላይ የዎከርን ስም አልጻፈም። የወሰደውንም እንደወሰደው አላስቀመጠውም፤ ጨመረበት። ዎከርም ለመቆለፊያው የሰጠውን «ላይነርሎክ» የሚለውን ስም የንግድ ምልክት አድርጎ አስመዘገበ፤ ስለዚህ ሐሳቡ ተሠራጨ፣ ስሙ ግን የባለቤቱ ሆኖ ቀረ። በኦሪገን የሚገኘው ቤንችሜድ የተባለ የቢላ አምራች እ.ኤ.አ. በ1998 ያወጣው አክሲስ መቆለፊያም ተመሳሳይ ታሪክ አለው። የሁለት ባለሙያዎች፣ የማክሄንሪና የዊሊያምስ ፈጠራ የሆነው ይህ መቆለፊያ በፓተንት የተጠበቀ ነበር፤ ዘመኑ ሲያልቅ ሌሎች ኩባንያዎች ሠሩት፤ «አክሲስ» ብለው ግን አይጠሩትም። ሕግ የሐሳብን ባለቤትነት ለተወሰነ ዓመት ይሰጥና ከዚያ ለሁሉ ይለቀዋል፤ ስምን ግን ባለቤቱ እስከተጠቀመበት ድረስ ይጠብቃል። ምክንያቱም ሐሳብ ቢጋራ ሥራ ያድጋል፤ ስም ቢጋራ ግን ገዢው ማንን እንደሚያምን አያውቅም።

በመካከል ያለው ድንበር ሁልጊዜ ግልጽ ነው አልልም። የስፓይደርኮ መሥራች ሳል ግሌሰር እ.ኤ.አ. በ1981 በስለቱ ላይ በአንድ አውራ ጣት የሚከፈትበትን ክብ ቀዳዳ አወጣ። የፓተንቱ ዘመን ካለፈ በኋላም ኩባንያው ክቡን ቀዳዳ የንግድ ምልክቱ አድርጎ ይጠብቀዋል። ቀዳዳ ሥራ የሚሠራ ነገር ሆኖ ሳለ እንዴት ስም ይሆናል ብሎ የሚከራከር አለ፤ እኔም ክርክሩን ከንቱ አላደርገውም። ነገር ግን ሐቀኞቹ ተወዳዳሪዎች ሞላላ ወይም ረዘም ያለ ቀዳዳ ቀድደው ችግሩን ፈትተውታል፤ ስፓይደርኮም «በርድ» ለተባለው ርካሽ ምርቱ ሌላ ቅርጽ ይጠቀማል። ክብ ካልሆነ አልከፍትም የሚል አውራ ጣት አላየሁም።

ስም የማይጽፈው ሙሉ ቅጂስ? ሕጉ ሊፈቅደው ይችላል፤ ፓተንት የሚሠራው በተመዘገበበት ሀገር ብቻ ነውና፤ በኢትዮጵያ ለምሳሌ በአዋጅ ቁጥር 123/1987 መሠረት ያልተመዘገበ የአሜሪካ ፓተንት በአገር ውስጥ ጥበቃ የለውም። እኔ ግን አልገዛውም። ምክንያቴ ይህ ነው፦ የእጀታው ጉብጠት የት ላይ እንዲሆን፣ አውራ ጣት የት ላይ እንዲያርፍ፣ ስለቱ በምን ያህል እንዲሳሳ ለማወቅ አንድ ሰው ዓመታት ወስዶ ብዙ ቢላ አበላሽቷል። ቅጂው ያንን ዓመት በአንድ ቀን ለክቶ ወሰደው፤ ምንም አልጨመረበትም፤ ያ ሰው ደግሞ ዛሬም በሕይወት ያለና ያንኑ ቢላ ሠርቶ የሚበላ ነው። በሀገራችን የማጭድና የካራ ቅርጽ የማንም አይደለም፤ ቀጥቃጩ ከአባቱ ወረሰው፤ ከትውልድ የመጣውን ቅርጽ መውሰድና የጎረቤትን የዚህ ዓመት ልፋት መውሰድ ግን አንድ አይደሉም። በዚህ ላይ ከእኔ ጋር የማይስማማ ጨዋ ሰው ሊኖር ይችላል።

በስም ላይ ግን ልመና የለም። «አውቄ ገዛሁ፣ ማን ተታለለ?» የሚሉ ሰዎች ለዛሬ ልክ ናቸው። ቢላ ግን ከባለቤቱ ዕድሜ በላይ ይኖራል። አንድ ቀን ይሸጣል፣ ይሰጣል፣ ከዕቃ ጋር አዲስ አበባ ላለ ወንድም ይላካል፤ በዚያን ጊዜ በላዩ ያለው ጽሑፍ መዋሸቱን ይቀጥላል፤ የሚዋሸውም ምንም ላላወቀ ሰው ነው። እኔን ያታለለኝ ሻጭ ራሱ ተታልሎ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሌላው የተለመደ ምክንያት «ድሃ ጥሩ መሣሪያ አይያዝ ወይ?» የሚለው ነው። ይያዝ እንጂ። የኦሃዮው ባለሙያ ሪክ ሂንደረር ቢላዎቹ ውድ ናቸው፤ ነገር ግን ከርሾ ለተባለው ኩባንያ ክራዮ የተባለውን ቢላ ነደፈ፤ በቻይና ተሠርቶ በአነስተኛ ዋጋ ተሸጠ፤ የንድፍ ባለቤቱም ፈቀደ፣ ተከፈለው። የፈረንሳይ ሳቮዋው ኦፒኔል ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1890 ጀምሮ በእንጨት እጀታ የሚሠራ፣ ዛሬም ከሃያ ዶላር ብዙ የማይርቅ ቢላ ነው። ድሃው የጎደለው መሣሪያ ከሆነ እነዚህ አሉ፤ የጎደለው የሰቤንዛ ስም ከሆነ ግን ያ የመሣሪያ ጥያቄ አይደለም።

ስምን መስረቅ ለቢላ አዲስ እንዳልሆነም ማወቅ ይጠቅማል። በ19ኛው መቶ ዘመን «ሼፊልድ» የሚለው የእንግሊዝ ከተማ ስም በዓለም ገበያ ዋጋ ስለነበረው በጀርመን ዞሊንገን በርካሽ የተሠሩ ቢላዎች ላይ ይታተም ነበር። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1887 ባወጣችው የንግድ ምልክቶች ሕግ የውጭ ዕቃ የተሠራበትን ሀገር እንዲናገር አስገደደች፤ «በጀርመን የተሠራ» የሚለው ጽሑፍ እንደ ነውር ምልክት ተጀምሮ በኋላ የጥራት መለያ ሆነ። ዞሊንገንም በተራዋ የራሷን ስም እ.ኤ.አ. በ1938 በሕግ አስጠበቀች። ስም ካልተጠበቀ ምን እንደሚሆን ለማየት ደግሞ ላዮል የተባለችውን የፈረንሳይ መንደር ይመልከቱ። ንብ የተቀረጸባቸው ቢላዎቿ የታወቁ ናቸው፤ ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1993 ከመንደሩ ውጭ የሆነ ነጋዴ ስሙን ለብዙ ዓይነት ዕቃ አስመዘገበው፤ መንደሯ በፍርድ ቤት ስትሸነፍ ነዋሪዎቹ እ.ኤ.አ. በ2012 የመንደሩን ስም የያዘውን ምልክት ከመንገድ ዳር ነቅለው አወረዱ። ዛሬ «ላዮል» የተጻፈበት ቢላ ሲያዩ ስሙ ብቻውን የት እንደተሠራ አይነግርዎትም፤ የአምራቹን ስም መፈለግ አለብዎት።

ሐሰተኛው እጅዎ ላይ ከተገኘ

ለሻጩ በጽሑፍ ያሳውቁ፤ ፎቶዎቹንና የብረት ምርመራውን ውጤት ያያይዙ። በክሬዲት ካርድ ወይም የገዢ ጥበቃ ባለው መንገድ ከፍለው ከሆነ ሳይዘገዩ ለባንኩ ወይም ለገበያው ያመልክቱ፤ የማመልከቻው ጊዜ የተወሰነ ነውና «ሻጩ ይመልስልኛል» እያሉ ወራት አይጠብቁ። በሀገር ቤት ለንግድ የሚያስገቡ ሰዎች በአዋጅ ቁጥር 501/1998 የተመዘገበ የንግድ ምልክት ለ7 ዓመት የሚጠበቅና የሚታደስ መሆኑን ያስታውሱ፤ «ከዱባይ እንደመጣ ነው የሸጥኩት» የሚለው መልስ አያድንም።

ገንዘቡን ካላገኙ ቢላውን መልሰው አይሽጡት፤ «ቅጂ ነው» ብለው ቢሸጡትም ቀጣዩ ባለቤት ይህን ቃል አይደግመውም። መጣል ካልፈለጉ ስሙን ያጥፉት። ስለቱን በወፍራም ቴፕ ሸፍነው ጽሑፉ ያለበትን ገጽ ብቻ ክፍት ይተዉት፤ በውኃ የተነከረ 400 ቁጥር የአሸዋ ወረቀት በጠፍጣፋ እንጨት ላይ ጠቅልለው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይፈግፉት፤ ጽሑፉ ሲደበዝዝ ወደ 800 ቁጥር ይሸጋገሩ። በኤሌክትሪክ መፈግፈጊያ አይሞክሩት፤ ሙቀቱ ጠርዙን ያለሰልሰዋል። ጥልቀት ያለው ጽሑፍ ከሆነ አንድ ምሽት ይፈጃል። የእኔ «ምድር» ከሁሉ በኋላ ነው የጠፋችው። ቢላው አሁን በመጋዘን ሥራዬ ሣጥን ውስጥ ነው፤ በየሦስት ቀኑ እስለዋለሁ፣ ካርቶን ይከፍታል።